ባለ አምስት ቀዳዳው ቸርኬ

ባለቤቴ አስናቀና እኔ አብረን የሠራነው የመጨረሻ ተራ ሥራ የጎማ ልክ መውሰድ ነበር። ቢቸና፣ ግቢያችን ውስጥ፣ ላንድሮቨሯ ግራ ጎኗ በድንጋይ ተደግፎ ቆማለች። የፊት ጎማዋ ወልቋል። እሱ ተንበርክኮ ጎማው በሚታሰርባቸው ብሎኖች ላይ ቁራጭ ብራና ይለጥፋል፤ እኔ እንዳይንሸራተት ደግፌ ይዣለሁ።

«እጅሽን ከብሎኖቹ መሐል አድርጊው፤ መዶሻው እንዳያገኝሽ» አለኝ።

አራት ጣቶቼን ገጥሜ በሁለት ብሎኖች መሐል አስገባኋቸው። ልክክ አሉ። በመዶሻው እጀታ ቀስ እያለ መታ መታ ሲያደርገው የብሎኖቹ ጫፍ ብራናውን እየበሳ ወጣ።

«ስድስት ብሎን ቢሆን ኖሮ ፊት ለፊት ያሉትን ሁለቱን ለክቼ እገላገል ነበር» አለ። «አምስት ግን ማንም ከማንም ፊት ለፊት አይደለም። ሙሉውን ካልወሰድሽ ይሸውድሻል።»

«እንደ አንተ ዘመዶች በለኛ! መቼ ፊት ለፊት ተያይተው ያውቃሉ?»

መዶሻውን አስቀምጦ ሳቀ። ከዚያ ወዲህ ሲስቅ አልሰማሁትም።

ብራና ለምን እንደመረጠ ልንገራችሁ። ጨርቅ ይለጠጣል፣ ካርቶን በላብ ይላሽቃል። አባቱ ቁም ጸሐፊ ነበሩ፤ ሲሞቱ የተረፋቸው ቁርጥራጭ ብራና ቤታችን ነበር። ደረቅ ብራና ልኩን አይለውጥም። አስናቀ መሐሉን በቢላ ክብ አድርጎ ቆረጠው፤ ዙሪያውን አምስቱ ቀዳዳዎች ተደረደሩ። ሥራው አምሮለት ወደ ፀሐዩ አንስቶ አየው።

ያኔ እኔ በቀበሌያችን የመሠረተ ትምህርት አስተማሪ ነበርኩ። አስናቀ በዚያች አሮጌ ላንድሮቨር ከቢቸና ደብረ ወርቅ፣ ከደብረ ወርቅ ሞጣ ሰውና እህል ያመላልሳል። የደርግ የመጨረሻዎቹ ዓመታት ናቸው። ጦርነቱ ወደ እኛ እየቀረበ ነበር። የከተማው መኪና ሁሉ ለግዳጅ ተመዝግቧል። የእኛዋ በዚያው ሰሞን ጎማውን የሚሸከመው ብረት፣ ቸርኬው፣ ከቀዳዳ እስከ ቀዳዳ ተሰንጥቆ ቆመች። ትርፉም ቸርኬ ቀደም ብሎ ተበልቷል። የቢቸናው የጦር ኃላፊ መጥቶ አየና «ከግዳጅ ለማምለጥ ሆን ብለህ ነው የፈታኸው» አለው። መንጃ ፈቃዱን ቀምቶ «በዚህ ሳምንት ካልተነሳች አሻጥረኛ ነህ» ብሎት ሄደ። በዚያ ዘመን አሻጥረኛ የተባለ ሰው ምን እንደሚደርስበት የሚያውቅ ያውቃል።

ቢቸና ውስጥ የሚገጥም ቸርኬ ታጣ። ሞጣ ግን ጋሽ ምትኩ የሚባሉ ጎማ ጠጋኝ ነበሩ፤ የወዳደቀ የመኪና ዕቃ ያከማቻሉ ይባላል። ልንሄድ ተነሣን። እኔ የሄድኩት ቸርኬ ለመምረጥ አልነበረም። ብቻውን መንገድ ላይ የተገኘ ወንድ ለብሔራዊ ውትድርና ይታፈስ ነበር፤ ሚስቱ አጠገቡ ካለች አንዳንዴ ያልፉታል። ብዙ ሚስቶች እንደዚያ ባሎቻቸውን ይዘው ይሄዱ ነበር።

ልንወጣ ስንል አስናቀ ሸሚዙን ገልቦ ጀርባውን ሰጠኝ።

«እዚህ እሰሪልኝ። ከታጠፈ ልኩ ይበላሻል።»

ብራናውን በጀርባው ላይ ዘርግቼ በመቀነቴ አሰርኩለት። ለሁለታችንም ያ ትክክለኛ ሥራ ነበር። ስለ ጎማ እንጂ ስለ ፍተሻ አላሰብንም።

ቀበሌ የይለፍ ወረቀት ሰጠን፤ ጸሐፊው «ለግል ጉዳይ» ብሎ ጻፈበት። አንድ እህል የጫነ የጭነት መኪና ላይ ወጣን። እስከ ደብረ ወርቅ ማንም ምንም አላለንም። ሞጣ ልንገባ ስንል ከባሕር ዛፉ ሥር ባለው ኬላ ግን አስቆሙን።

ወታደሮቹን አየኋቸው። ከውጊያ የወጡ ናቸው፤ ልብሳቸው በጭቃና በደም ደርቋል። ከመንገዱ ዳር አንድ ኡራል የጭነት መኪና ቁስለኛ ሞልቶበት ቆሟል። ሹፌሩን ያን ዕለት ጠዋት ተኩስ መትቶት መሪው ላይ ነው የሞተው፤ ሬሳውን ወደ ጎተራ እንደሚያወርዱት ጆንያ አውርደው ጎማው ሥር አስተኝተውታል። ከላይ ያሉት ቁስለኞች ውኃ እያሉ ይጮኻሉ። ከባድ መኪና የሚነዳ ሰው አልነበራቸውም።

«ሁላችሁም ውረዱ! ወንድ በዚህ፣ ሴት በዚያ!»

ከእኛ ጋር ከተሳፈሩት አንዱ፣ ጺሙን ገና ያበቀለ ጎበዝ፣ ከመኪናው ዘሎ ሲወርድ ወደ ባሕር ዛፉ ሮጠ። ለመታፈስ ፈርቶ ይመስለኛል። «ቁም!» አሉት። አልቆመም። ጥይቱ ከጀርባው ገብቶ በደረቱ ወጣ። ከወደቀ በኋላም እግሮቹ ትንሽ ሮጡ። በግርግሩ እኛን ያመጣን ሹፌር መኪናውን ጥሎ ተሰወረ፤ የወደቀውን ልጅ ግን ማንም ሄዶ አላነሣውም። ያን ቀን ሁሉ የሆነው የሆነው እሱ እዚያ እንደተዘረረ ነው።

ከዚያ በኋላ ፍተሻው ሌላ ሆነ። ጢማም አስር አለቃ ሸሚዝ እያስወለቀ ይፈትሽ ጀመር። አስናቀ ጋ ሲደርስ እጁ መቀነቱ ላይ አረፈ።

«ይሄ ምንድን ነው? የጥይት መከላከያ ክታብ ነው?» ወታደሮቹ ሳቁ።

«የጎማ ልክ ነው» አለ አስናቀ።

አስር አለቃው ብራናውን ፈትቶ ለመቶ አለቃው ወሰደለት። መቶ አለቃው ቀጭን፣ ዓይኑ በእንቅልፍ እጦት የቀላ ሰው ነበር። ብራናውን ወደ ብርሃን አንስቶ አየው፤ ልክ አስናቀ ግቢያችን ውስጥ እንዳደረገው። ከዚያ ፊቱ ተለወጠ።

«መሐሉ ሞጣ ናት» አለ። «ዙሪያዋን አምስት ቦታ ጦር አስቀምጠናል። አምስት! ማን ነገረህ?»

«ጓድ መቶ አለቃ፣ ሹፌር ነኝ። የጎማ ልክ ነው።»

«የጎማ ልክ ጀርባ ላይ ይታሰራል?»

«እንዳይታጠፍ ብዬ ነው።»

«መንጃ ፈቃድህስ?»

«ቢቸና ወስደውብኛል።»

«የይለፉ ወረቀት ደግሞ የግል ጉዳይ ይላል። ጎማ አይልም።» ወደ አስር አለቃው ዞረ። «አናግረው።»

አስር አለቃው በጠመንጃው ሰደፍ አፉን መታው። ጥርሱ ሲሰበር ድምፁን ሰማሁት። ወደ እሱ ስሮጥ አንዱ ወታደር በነጠላዬ አንቆ ያዘኝ። ሁለተኛው ምት ዓይኑ ላይ ነበር። ሲወድቅ በጫማ ወገቡን፣ ጎኑን፣ ራሱን። አስናቀ አንድ ቃል ብቻ ይደጋግማል፤ «ጎማ ነው፤ ጎማ ነው።» አፉ በደም ተሞልቶ ቃሉ ጎማ መሆኑ እስኪጠፋ ድረስ።

መቶ አለቃው እጁን አነሣና ምቱ ቆመ። ኬላው አጠገብ የራሳቸው መኪና፣ ዋዝ የምንለው የሩስያ ጂፕ፣ ቆሞ ነበር። ዞሮ የጎማውን ብሎኖች ቆጠረ።

«የእኛም አምስት ነው። እውነትህን ከሆነ ይገባል። ጎማውን ፍቱት!»

«አይገባም» አለ አስናቀ ከመሬቱ ላይ።

«ሳይሞከር እንዴት አወቅህ?»

«አምስት መሆኑ ብቻ አይበቃም። የእናንተ ጠበብ ይላል። የእኔ ሰፊ ነው።»

ለምን ዝም አላለም ብዬ ያን ጊዜ ልቤ ተቃጠለ። ጎማውን ፈቱት። ብራናውን ለጠፉት። አንዱ ብሎን ገባ፤ ሁለተኛው ከቀዳዳው አንድ ጣት ያህል ወደ ውስጥ ቀረ። ሦስተኛው ጭራሽ።

«ነገርኳችሁ» አለ አስናቀ።

እውነቱን ነበር። ለእነሱ ግን የውሸቱ ማረጋገጫ ሆነ። መቶ አለቃው ቀርቦ በከስክስ ጫማው የግራ እጁን ረገጠው፤ ተረከዙንም አዞረው። ባለቤቴ እንደዚያ ሲጮኽ ሰምቼ አላውቅም።

የያዘኝን ወታደር እጅ ነክሼ አመለጥኩና መቶ አለቃው እግር ላይ ወደቅኩ።

«ጌታዬ፣ ቸርኬው ሞጣ አለ! ልናመጣው ነው የመጣነው። ላምጣልዎትና ብራናውን ራስዎ ይለኩበት። ካልገጠመ እኔንም ከእሱ ጋር ይግደሉኝ!»

«ሚስቱ ነሽ?»

«አዎ።»

ፀሐይዋን አየ። ዘጠኝ ሰዓት ገደማ ይሆናል።

«ሲመሽ ከዚህ እንነሣለን። ይህን ሰውዬ ይዤ አልሄድም፣ ትቼውም አልሄድም።» በአገጩ ባሕር ዛፉ ሥር የወደቀውን ልጅ አሳየኝ። «ፀሐይ ሳትጠልቅ ድረሺ።»

«እንግዲያውስ ብራናውን ይስጡኝ፤ የምለካበት የለኝም።»

«ማስረጃ ነው። አይሰጥም።»

ሞጣ የገባሁት በእግሬ እየሮጥኩ ነው። የጋሽ ምትኩን ቤት ሳገኝ በሩ ተዘግቷል፤ ተኩሱን ሰምተው ነው። በሁለት እጄ ደበደብኩት።

«ማነሽ?» አሉ ከውስጥ።

«ጎማ ፈላጊ ነኝ! ከቢቸና!»

«ዛሬ ጎማ የሚፈልግ እብድ ነው። ነገ ነይ።»

«ለነገ ባል የለኝም፣ ጋሽ ምትኩ!»

በሩ ተከፈተ። አጭር፣ ራሰ በራ ሽማግሌ ናቸው። ፊቴንና ነጠላዬ ላይ ያለውን ደም አይተው ምንም ሳይጠይቁ ወደ ጓሮ ወሰዱኝ። ጓሮው የብረት መቃብር ነበር። ነገሩን እየተንተባተብኩ ነገርኳቸው።

«ላንድሮቨር ከሆነ አምስት ቀዳዳ ነው» አሉ። ከክምሩ ውስጥ ሁለት ቸርኬ እያንከባለሉ አወጡ። «አምስት ቀዳዳ ያላቸው እነዚህ ሁለቱ ናቸው። ከየት እንደመጡ እንጃ፤ አንዱን ከገደል፣ አንዱን ከወታደር ነው የገዛሁት። ሁለቱም ቀለማቸው አንድ ሆኗል። ልክሽን አሳዪኝ።»

«ልኩን ቀምተውኛል።»

«ታዲያ በምን ልትለዪ ነው? እኔ ላንድሮቨር ፈትቼ አላውቅም፤ ሁለቱን ተሸክመሽ መሄድ አትችዪ!»

ከመጀመሪያው ቸርኬ አጠገብ ተንበረከክሁ። አራት ጣቶቼን ገጥሜ በሁለት ቀዳዳዎች መሐል አሳረፍኳቸው። ትንሿ ጣቴ ከቀዳዳው ጠርዝ አልፋ ወደ ውስጥ ገባች። ጠባብ ነው። ዋዙን አስታወሰኝ። ሁለተኛው ላይ አሳረፍኩ። ጣቶቼ ከጠርዝ እስከ ጠርዝ ሞሉት፤ አልተረፉም፣ አልጎደሉም። ሌላ ሁለት ቀዳዳ መሐል ሞከርኩ። እንደገና። ጋሽ ምትኩ ቸርኬውን ደግፈው ያዙልኝ።

«ይሄ ነው» አልኩ።

«እርግጠኛ ነሽ?»

«ይሄ ነው።»

ጎማው እንዳለበት ነበርና ይንከባለላል። ጋሽ ምትኩ እስከ ከተማው መጨረሻ አብረውኝ ገፉ፤ ከዚያ ቆሙ። «ከዚህ በኋላ ብቻሽን ነሽ፣ ልጄ። እኔን ካዩኝ ሁለታችንንም ነው» አሉ። አልፈረድኩባቸውም። ቁልቁለቱ ላይ ጎማው አመለጠኝና ቦይ ውስጥ ገባ። እንዴት እንዳወጣሁት እስከ ዛሬ አላውቅም፤ ጥፍሮቼ ተነቅለው ነበር፣ ሕመሙ የመጣው በማግስቱ ነው።

ኬላው ስደርስ ፀሐይዋ ባሕር ዛፉ ጫፍ ላይ ነበረች። አስናቀ እጁ ወደ ኋላ ታስሮ ተቀምጧል፤ አንድ ዓይኑ ጨርሶ ተደፍኗል። ጎማውን ሲያየው ራሱን ነቀነቀ። ያ ራስ መነቅነቅ «ይገጥማል» ማለቱ እንደሆነ ገባኝ፤ ከሩቅ አይቶ አወቀው።

ቸርኬውን መሬት ላይ አስተኙት። መቶ አለቃው ራሱ ብራናውን ዘረጋበት። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት፣ አምስት። በእያንዳንዱ ቀዳዳ ጣቱን አሾለከ። በአምስቱም አለፈ። መሐሉም ክቡ በክቡ ላይ ገጠመ። ወታደሮቹ ተጠግተው አዩ። አንዱ «የሰውዬው እውነት ነው እኮ» አለ።

መቶ አለቃው ተነሥቶ ቆመ። ከዚያ «ፍታው» አለ አስር አለቃውን። መሬቱን ሳምኩት። ኬላውንም፣ ድንጋዩንም። «እግዚአብሔር ይስጥዎት» ያልኩት ይመስለኛል። ለዚያ ሰው!

«ታዲያ እውነትም ሹፌር ነህ» አለ መቶ አለቃው።

አስናቀ የተረገጠ እጁን በደህናው ደገፈ።

«ከባድ መኪና ነድተህ ታውቃለህ?»

አስናቀ ወደ ኡራሉ አየ። የሚመጣው ነገር ከእኔ ቀድሞ ገብቶታል።

«እስካሁን ላምንህ አልቻልኩም፤ ቁስለኞቼን ወስዶ ለጠላት ያስረክባል ብዬ ነበር። አሁን ማን እንደሆንክ አረጋግጠናል። ተነሥ፤ ባሕር ዳር ሆስፒታል ታደርሳቸዋለህ።»

«ጌታዬ፣ አንድ ዓይኑ አያይም! እጁ ተሰብሯል!» አልኩ።

«በአንዱ ይነዳል። ከላይ ያሉትን አልሰማሽም? ሦስቱ ከሰዓት ወዲህ ሞተዋል።»

እውነቱን ነበር፤ ኡራሉ ላይ የሚጮኸው ድምፅ ቀንሷል።

እዚህ ላይ ያየሁትን ልንገራችሁ፤ ለማንም ብነግር የማያምነኝ ይህን ነው። ጥርሱን የሰበረው ያ ጢማም አስር አለቃ ከአንገቱ ሻርፑን ፈትቶ የአስናቀን እጅ መጠቅለል ጀመረ። ቀስ ብሎ፣ ጣት በጣት። አማርኛው ከሩቅ አገር የመጣ ሰው አማርኛ ነበር። «ማርሽ እኔ እቀይራለሁ፤ አንተ መሪ ያዝ» አለው። አስናቀም «ፍሬኑ ይሠራል?» ብሎ ጠየቀው። እንደ ሁለት የሥራ ጓደኞች።

ሊሳፈር ሲል ወደ እኔ መጣ። አፉ አብጦ ቃሉ አይወጣም።

«በምን ለየሽው?»

እጄን ዘርግቼ አራት ጣቶቼን ገጥሜ አሳየሁት። በደህናው እጁ ያዛቸው።

«ጋሽ ምትኩ ጋ እደሪ። ነገ እመለሳለሁ።»

«ሂድ፤ ተመለስ» አልኩት። ሌላ ምን ይባላል?

ኡራሉ ተነሣ። አስናቀ በመሪው፣ አስር አለቃው አጠገቡ፣ ቁስለኞቹ ከላይ። ሞጣን አቋርጦ ወደ ሰሜን ወጣ። እኔ ጎማውን እየገፋሁ ጋሽ ምትኩ በር ስደርስ ድንግዝግዝ ብሏል። በሩን ሳላንኳኳ ፍንዳታው ተሰማ። አንድ ትልቅ፤ ከዚያ የመትረየስ ድምፅ፤ ከዚያ ምንም። ጋሽ ምትኩ ወጥተው ክንዴን ያዙኝ። ሁለታችንም ወደዚያ አየን። ከከተማው ማዶ፣ መንገዱ በሚጠማዘዝበት በኩል፣ ሰማዩ ቀላ።

ሲነጋ ከከተማው ሰዎች ጋር ሄድን። ኡራሉ ተገልብጦ ግማሹ ተቃጥሏል። አስናቀን ያወቅሁት በእጁ ላይ በቀረው ሻርፕ ነው። አስር አለቃው ከላዩ ወድቆበታል፤ ሊከልለው ይሁን ወይም ፍንዳታው ጥሎት አላውቅም። ከቁስለኞቹ አንድም አልተረፈም። ጦሩ በሌሊት ሄዷል፤ ሬሳ የሚጠይቅ አልመጣም።

የሞጣ ሰዎች ሁሉንም በአልጋ ተሸክመው ቤተ ክርስቲያን አደረሱ። ፍትሐት ሊደረግ ሲል ቄሱ ጠየቁኝ።

«ልጄ፣ የባልሽ የክርስትና ስም ማን ነው?»

«ወልደ ሚካኤል።»

«የእነዚህስ?» በሰሌን የተጠቀለሉትን አሳዩ።

«አላውቅም፣ አባ።»

«አንዱንም?»

አስር አለቃውን አየሁት። ባሌን የደበደበ፣ የባሌን እጅ ያሰረ፣ ከባሌ ጋር የሞተ። ቀኑን ሙሉ አብሬው ስውል ስሙን አልሰማሁም፤ ሁሉም «አስር አለቃ» ነው የሚለው። አገሩ የት እንደሆነ፣ ክርስቲያን ይሁን እስላም፣ የሚጠብቀው ሰው ይኑር አይኑር አላወቅሁም።

«አንዱንም አላውቅም» አልኳቸው።

ቄሱ «ፈጣሪ ያውቃቸዋል» ብለው ጸሎቱን ጀመሩ። የአስናቀ ስም በየመካከሉ ይጠራል። የሌሎቹ ቦታ ላይ ቄሱ ትንፋሽ ወስደው ያልፋሉ።

ይህን የምታነቡ ሰዎች ብዙዎች የሚጠይቁኝን ሳትጠይቁኝ አትቀሩም። ቸርኬውን ባላመጣሁት ኖሮስ? ዘመዶቹ ለቅሶ ላይ ጠይቀውኛል፤ እኔም ራሴን ጠይቄያለሁ። ባላመጣው ባሕር ዛፉ ሥር ከዚያ ልጅ አጠገብ ይወድቅ ነበር፣ ሰላይ ተብሎ። ባመጣው ደግሞ ሹፌር ተብሎ ሞተ። ሦስተኛ መንገድ ብዙ ዓመት ፈልጌ አላገኘሁም። እውነቱ ከተረጋገጠ ሰው ይድናል ብዬ አምን የነበርኩ ሴት ነኝ፤ ለተማሪዎቼም እንደዚያ እላቸው ነበር። አሁን ይህን ለማንም አላስተምርም። ግን አንድ ነገር ያጽናናኛል፤ ባሌ ሲሞት ማንነቱ ይታወቅ ነበር። ሰላይ አይደለም፤ ወልደ ሚካኤል ነው፤ የቢቸናው ሹፌር አስናቀ ነው። ለዚያ ለማንነቱ ነው ጎማውን የገፋሁት እያልኩ ራሴን አሳምናለሁ፤ አንዳንድ ቀን ያሳምነኛል።

የከበደኝ ሌላው ነው። እነዚያ በሰሌን የተጠቀለሉት እናት ነበራቸው። እናቶቻቸው ምናልባት ዛሬም በር በሩን ያያሉ። እኔ ለማን መልእክት ልላክ? አስር አለቃውን ልጠላው ብዙ ጣርኩ፤ ጥላቻውም እንኳ ስም ይፈልጋል።

ላንድሮቨሯ ቢቸና ግቢያችን ውስጥ እንደቆመች ቀረች፤ የአስናቀ ወንድም ሸጧት። እኔ ወደ ቢቸና አልተመለስኩም፤ እሱ ያረፈበትን ትቼ መሄድ አልሆነልኝም።

አሁን ሞጣ ውስጥ ልብስ እሰፋለሁ። ወታደር ልብሱን ሊያስጠግን ሲመጣ፣ ሥራውን ከመቀበሌ በፊት ስሙንና አገሩን እጠይቀዋለሁ።